ቅጂው ማን ጋ ነው?

ከመርሳ ወይም ከወልድያ ወጣ ብላችሁ አንድ የገጠር ጤና ኬላ ብትገቡ ከኮምፒውተር በፊት ዓይናችሁ የሚያርፈው ወረቀት ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ በቤት ቁጥር የተደረደሩ የቤተሰብ ፎልደሮች አሉ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፎልደር። እቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ፣ መጸዳጃ ቤት ይኑር አይኑር፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ አጎበር መኖሩ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። የእናቶችና የሕፃናት ካርድ ደግሞ በወር በወር የተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ባለሙያዎቹ «ቲክለር ፋይል» ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። የነፍሰ ጡሯ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ከሆነ ካርዷ የኅዳር ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። መጥታ ከታየች ወደሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ይዛወራል። ኅዳር አልቆ ካርዱ እዚያው ከተገኘ ሴትየዋ አልመጣችም ማለት ነው። ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተነስታ ቤቷ ድረስ ትሄዳለች።

ሶፍትዌር ለምንሠራ ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳታቤዝ አለው፣ መለያ ቁጥር አለው፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ለይቶ የሚያሳይ ማስታወሻ አለው። መብራት ብቻ ነው የማይፈልገው። ግን ሳጥኑ በራሱ የማንንም በር አያንኳኳም። የሚያንኳኳው ሰው ነው። ያ ሰው እንዴት ሠለጠነ የሚለው ታሪክ ደግሞ ከሳጥኑ ይረዝማል።

ታሪኩን ከጎንደር መጀመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱም ጤና ጣቢያ ወርደው፣ አንድ ቡድን ሆነው፣ እየሠሩ ይማሩ ነበር። በደርግ ዘመን፣ ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ፣ ከየቀበሌው የተመረጡ የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎች ለጥቂት ወራት እየሠለጠኑ ተሰማሩ። ቋሚ ደመወዝና ክትትል ስላልነበራቸው ግን ብዙዎቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሁለቱም ተምሯል። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች፣ በተቻለ መጠን ከዚያው ከሚያገለግሉት አካባቢ፣ ተመረጡ። 16 ፓኬጆችን በትምህርትና በተግባር ለአንድ ዓመት ተማሩ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ቀበሌ በደመወዝ ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በለጠ። የቤተሰብ ፎልደሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሥራውን የምታውቅ ሰው ቀድማ ነበረች፣ ቅጹ የተሰጠው ለእሷ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ የእውቀት አስተዳደር ተመራማሪዎች ሲጨነቁበት ኖረዋል። ማይክል ፖላኒ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በቃል አውጥቶ መናገር እንደማይችል አሳየ። ጃፓናውያኑ ኖናካና ታኬውቺ ደግሞ በ1995 የማትሱሺታን የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ታሪክ ጻፉ። ማሽኑ ሊጡን በትክክል አላቦካ ሲል ኢኩኮ ታናካ የምትባል ሶፍትዌር ሠሪ ኦሳካ ሆቴል ውስጥ ካለ ዋና ዳቦ ጋጋሪ ሥር ገብታ ተማረች። ጋጋሪው ሊጡን ሲለጥጥ እንደሚጠመዝዘው ያየችው አጠገቡ ቆማ ነው። በቃለ መጠይቅ ቢሆን ኖሮ እሱም አይነግራትም ነበር፤ እጁ እንጂ አፉ አያውቀውም።

ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጁ ውስጥ ያለው ዳና ለትውልዶች ደረሳ ያፈራው እንዲህ ነው። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሼኹ ፊት ይቀመጣል፣ ይቀራል፣ ይታረማል። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን መምህሩ ፊት ነግሮ ነው የሚታረመው። በሁለቱም ቤት ለሁለት ቀን ተቀምጦ ሰርተፍኬት ይዞ መውጣት የለም።

አሁን ወደ ዲጂታሉ እንምጣ። ከ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገ። ከአፓርታይድ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያደገው ዲኤችአይኤስ 2 የሀገሪቱ የጤና ሪፖርት ቋት ሆነ። ለጤና ኬላዎችም የቤተሰብ ፎልደሩን ወደ ታብሌት የሚያመጣ ሥርዓት ተዘረጋ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም የምደግፈው ነው። ችግሩ የሥልጠናው ልማድ ላይ ነው። አዲስ ሥርዓት ሲመጣ እንዴት እንደምናሠለጥን ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ አበል፣ «እዚህ ጋ ተጫኑ»። ሠልጣኟ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ተምራ ትሄዳለች። ስለ ቀበሌዋ የምታውቀውን ግን የጠየቃት የለም። ተመልሳ ወረቀቱንም ታብሌቱንም ትሞላለች፤ ሥራው እጥፍ ይሆንባታል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ በክልሉ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎችም ወደሙ። ለአንድ መረጃ ሥርዓት ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። ኔትወርክ ከሌለ በዲኤችአይኤስ 2 ሪፖርት አይላክም፤ ኮምፒውተር ከተወሰደ ፋይል የለም፤ ፎልደር ከተቃጠለም እንደዚያው። ያኔ የሚቀረው ብቸኛ ቅጂ ሰው ነው። የትኛዋ እናት ደርሳለች፣ የማን ልጅ ክትባት አልጨረሰም፣ በየትኛው አቋራጭ ይኬዳል የሚለው የባለሙያዋና የጎረቤቶቿ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በየመንደሩ ያለው ቅሬም ማን እንደሞተ፣ የማን ቤት እንደተዘጋ ያውቃል።

ይሄ ግን ሰው ካለ ማሽን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጭንቅላትም ይጠፋል። ባለሙያዋ ስትዛወር፣ ስትታመም ወይም ሥራ ስትለቅ አሥር ዓመት የተጠራቀመ እውቀት በአንድ ጊዜ አብሯት ይወጣል። ተተኪዋ የምትረከበው ቁልፍና ፎልደር ነው። አንድ ሰው ላይ ብቻ ያለ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ይህን ማንኛችንም ሰርቨር ላይ ሲሆን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ሥርዓት የምንሠራ ሰዎች ከጎንደርም ከዳናም የምንወስደው አሠራር አለ። ተተኪዋ ከነባሯ ጋር ለወራት ቤት ለቤት ትዙር፤ ይሄ በጀት ይያዝለት። ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ልጅም ታብሌቱን ከማደሉ በፊት እንደ ታናካ ጤና ኬላው ወርዶ ይቀመጥ። ካርዱ ከኅዳር ክፍል ሲወጣ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ሴትየዋ ለምን እንደቀረች ስትናገር አብሮ ይስማ። የቀረችበት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ መኖር አለመኖሩን ያኔ ያየዋል።