በኪንግስተን የተተረጎመው ቅዳሴ፣ ያልተለወጠው ጥምቀት

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሲገቡ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ 100,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል። ሰዉ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑ ሥር ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለጊዜው መውረድ አልቻሉም። ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ የሚሉት የራስታዎች አንጋፋ ሞርቲሞ ፕላኖ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ከጠየቀ በኋላ ነው የወረዱት። ራስታዎች ዕለቱን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል።

ይህ ብዙ ተጽፎለታል። ከ4 ዓመት በኋላ እዚያው ደሴት ስለደረሱት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ያኔ አባ ላእከ ማንደፍሮ ይባሉ ነበር፤ በኋላ አቡነ ይስሐቅ ተብለው የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ ሆነዋል።

ማን ላካቸው? አቡኑ ራሳቸው ሲናገሩ የላኳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ እኔን አምላክ የሚሉ ሰዎች ስላሉ ሂድና ቤተ ክርስቲያን አቋቁምላቸው የሚል ትእዛዝ እንደተቀበሉ አስረድተዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ እንድትመጣ አስቀድመው የጠየቁት ጃማይካውያን ነበሩ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ጥያቄው ከታች፣ ትእዛዙ ከላይ ሊመጣ ይችላል።

አባ ላእከ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። ይዘው የመጡት ሥርዓት በግእዝ የሚቀደስ፣ ጫማ ወልቆ ለሰዓታት የሚቆምበት ነው። የሚጠብቃቸው ምእመን ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ብዙው ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን ከአጥቢያው የባፕቲስት ሰባኪ እየሰማ ያደገ ነው።

በቋንቋው በኩል መፍትሔው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ግብፃዊው ቄስ ማርቆስ ዳውድ የተረጎሙት፣ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያረሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፈ ቅዳሴ አዲስ አበባ ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ ኪንግስተን ላይ ካህኑ በእንግሊዝኛ ቀደሱ፤ ግእዙም ሳይቀር በመካከል ይሰማ ነበር። ለሊቃውንቱ ጆሮ እንግዳ ነገር ቢሆንም ለአዲሱ ምእመን በሩን የከፈተለት ይህ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ጥምቀቱ ላይ ነው። ከመጡት ራስታዎች ብዙዎቹ መጠመቅ ይፈልጋሉ፤ ግን በንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ ስም፣ በራስ ተፈሪ። ካህኑ እምቢ አሉ። ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው አሉ። በሞንቴጎ ቤይ ነገሩ ከርሮ አብዛኞቹ ሳይጠመቁ እንደሄዱ ይነገራል። አዲስ ሰው ለማብዛት ቢሆን ኖሮ አንዲት ስም ማሳለፍ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ቋንቋውን ለቀው ስሙን ያዙ።

ከራስታዎቹ ወገን ቤተ ክርስቲያኗን እኛን ልታለዝብ የመጣች ናት ያሉ ነበሩ። ከሌላው ወገን ደግሞ አባን ለዘብተኛ ያሉ አልጠፉም፤ ምክንያቱም ከተጠመቁት መካከል ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የነበራቸውን እምነት በልባቸው ይዘው የቀጠሉ ነበሩ። ያም ሆኖ በእነዚያ ዓመታት በካሪቢያን የተጠመቀው ሰው በሺዎች ይቆጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የሬጌው ዘፋኝ የቦብ ማርሊ ጥምቀት ነው። ቀኑ ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ። ቦታውን ግን አንዳንዶች ኪንግስተን ብለው ይጽፋሉ፤ ሌሎች ኒውዮርክ፣ ሆቴል ውስጥ ይላሉ። ማርሊ መስከረም 11 ቀን ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ወድቋል፤ ከ2 ቀን በኋላ ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ከዚያ ኒውዮርክ ሲታከም ቆይቶ በኅዳር መግቢያ ወደ ጀርመን ሄደ። በዚህ መሐል ወደ ጃማይካ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ጠባብ ስለሆነ የኒውዮርኩ ወሬ ሚዛን ይደፋል።

ለምን ተጠመቀ ለሚለው፣ የቀድሞ ጓዶቹ የታመመ ሰው በቤተሰብ ግፊት ያደረገው ነው ይላሉ። አቡኑ ግን ሰውየው ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይፈልግ እንደነበረና በዙሪያው ያሉት እንደያዙት ተናግረዋል። ባለቤቱ ሪታና ልጆቹ ቀድመው መጠመቃቸው የአቡኑን ቃል ያጠናክራል።

ማርሊ አርፎ በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን በኪንግስተን ናሽናል አሬና የስንብት ሥነ ሥርዓቱ ሲካሄድ አቡነ ይስሐቅ ጸሎቱን መሩ፤ ግእዝ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ተፈራርቀው ተሰሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሲያጋ ንግግር አደረጉ። ኢትዮጵያን በስም የሚጠራውን መዝሙር እንዲያነብ የተመደበው የእግር ኳስ ተጫዋቹና የማርሊ ወዳጅ አለን ኮል ነበር። አትራኖሱ ዘንድ ሲደርስ ግን የተሰጠውን ትቶ፣ የ12ቱ ነገድ የተባለው የራስታ ማኅበር አባላት የሚወዷቸውን ክፍሎች ከቆሮንቶስና ከኢሳይያስ አነበበ። ካህናቱ ተቆጡ፤ ከአዳራሹ ግን ጭብጨባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአቡኑ ስም ከሌላ ጉዳይ ጋር ተያያዘ። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሲሆኑ አቡነ ይስሐቅ ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ ተለዩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒውጀርሲ አርፈው ጃማይካ ተቀበሩ።

ዛሬ ተመሳሳይ የቋንቋ ጥያቄ የሚነሣው በዋሽንግተንና በለንደን ባሉ አጥቢያዎች ነው። በየግድግዳው በተሰቀለው ስክሪን ላይ ግእዙ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይወጣል። አንዳንዱ ወላጅ ልጆቹ ካልገባቸው ይሸሻሉ ይላል፤ ሌላው ግእዙ ከተተወ ምን ይቀርልናል ብሎ ይከራከራል። በኪንግስተን በእንግሊዝኛ የተቀደሰው ከውጭ ለመጣ ሰው ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው ግን በ40ና በ80 ቀናቸው እዚያው ክርስትና ለተነሡ ልጆች ነው። ለዚህም ይመስላል አንዳንድ ሰበካ ጉባኤ አዲስ ካህን ሲፈልግ፣ ድምፁንና ዜማውን ከመጠየቁ አስቀድሞ እንግሊዝኛው እንዴት ነው የሚለው።