ለስንት ሰዓት? በስንት ሰዓት? የኦሲዲ ሕመምተኞች የቀንና የሌሊት ዑደት

«ስንት ሰዓት ፈጀ?» እና «ስንት ሰዓት ሆነ?» በአማርኛ አንድ ቃል ቢጋሩም የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። እየተመላለሰ በሚያስጨንቅ ሐሳብና ካልፈጸሙት ዕረፍት በሚነሳ ድርጊት የሚታወቀው ኦሲዲ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሞ እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት የዬል ብራውን መለኪያ ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ይጠይቃል፤ በስንት ሰዓት እንደሚበረቱ አይጠይቅም። ይህን እንደ ቀላል ክፍተት አላየውም።

የሰውነት ዋና ሰዓት ያለው ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት የሚመሩት ይህ ሰዓት በራሱ ከተተወ ዑደቱ ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ይበልጣል፤ በየቀኑ የሚያስተካክለው በተለይ የጠዋት ብርሃን ነው። ሲመሽ ሜላቶኒን ይጨምራል፣ ሊነጋጋ ሲል ኮርቲሶል ያሻቅባል።

ጣሊያን ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ የደም ምርመራ በኦሲዲ ሕመምተኞች ላይ ሜላቶኒን አንሶ፣ ኮርቲሶል በዝቶ ተገኝቷል። የሜላቶኒኑ ውጤት በሌሎች ጥናቶች ሁልጊዜ አልተደገመም። ጠንከር ያለው ማስረጃ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ተሳታፊዎችን ለአንድ ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ አስይዟል። በአማካይ የሚተኙት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ አምሽተው በተኙ ማግስት ሐሳባቸውንና ድርጊታቸውን የመቆጣጠር አቅማቸው እንደቀነሰ ይሰማቸው ነበር።

የትኛው የትኛውን ይጎትታል? በሩን አሥር ጊዜ የሚፈትሽ፣ ምድጃውን ደግሞ ደጋግሞ የሚያይ ሰው መብራት አብርቶ ያመሻል፤ የማታ ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። በሌላ በኩል እንቅልፍ ያጣ አንጎል የመጣበትን ሐሳብ ገፍቶ ለማለፍ ይቸገራል። ቤተሰቡ ተኝቶ «ይበቃል» የሚል ሰው መጥፋቱም አለ፤ ይህኛው በደም ምርመራ አይገኝም። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ድባቴ እንቅልፍን በራሱ መንገድ ስለሚያውክ የኦሲዲን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። እኔ ወደ አዙሪቱ አደላለሁ፦ ድርጊቱ ሰዓቱን ያዘገያል፣ የዘገየው ሰዓት ድርጊቱን ያበረታል።

ይህ ከሆነ የእንቅልፍ ማስታወሻ ከመጀመሪያው ምርመራ ሊቀር አይገባም። ሕመምተኛው የሚፈራውን እየተጋፈጠ ድርጊቱን ሳይፈጽም የሚቆይበት የሕክምና ልምምድም በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ይታሰብበት። ለጠዋቱ 2 ሰዓት ተቀጥሮ የቀረን ሰው «ለሕክምናው ፍላጎት የለውም» ብሎ ካርዱ ላይ ከመጻፍ በፊት፣ ሌሊቱን በስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ ይቀድማል።