ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍና ድምፅ የተሻገረው «ዶክተር ሁ»

«ዶክተር ሁ» የብሪታንያው ቢቢሲ ከ1963 ጀምሮ ያቀረበው ተከታታይ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ነው፤ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን በሚመስል መንኮራኩር ከዘመን ወደ ዘመን ይጓዛል። ለሞት ሲቃረብ መልኩ ስለሚለወጥ ተዋንያን ሚናውን እየተቀባበሉ ይጫወቱታል።

ታሪኩ ወደ መጽሐፍ የተሻገረው ገና በ1964 ነበር። ቪዲዮ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ያመለጠ ክፍል የሚገኘው ከመጻሕፍቱ ነበር ማለት ይቻላል። ቴራንስ ዲክስ የተባለው ደራሲ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ቢቢሲ ግን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ቅጂዎችን ደምስሶ ቴፖቹን ለሌላ ሥራ አዋላቸው። ከ90 በላይ የሚሆኑ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቶ ቀርቷል። ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ ስለቀዱት ነው፤ ለማንኛውም ማሠራጫ የሚያሳፍር ታሪክ ነው።

በ1989 ድራማው ተቋረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቨርጂን የተባለው አሳታሚ በፈቃድ አዳዲስ ልቦለዶችን ማውጣት ጀመረ፤ ሥራ ታትሞላቸው የማያውቁ ጸሐፍትም ረቂቃቸውን እንዲልኩ በሩን ከፈተ። ከጸሐፍቱ አንዱ ራስል ቲ. ዴቪስ ነበር። በ2005 ድራማውን ወደ ቴሌቪዥን የመለሰው እርሱ ነው።

ከልቦለዶቹ መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው የፖል ኮርኔል «ሂዩማን ኔቸር» (1995) ነው። በዚህ ሥራ ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ይኖራል፤ ጆን ከምትባል ሴት ጋርም ፍቅር ይይዘዋል። ሰው ለመሆን የበቃው የሰውን ስሜት ማወቅ ፈልጎ ነው። ኮርኔል ራሱ በ2007 ታሪኩን ለቴሌቪዥን ሲጽፈው ግን ምክንያቱ ተለወጠ፤ ዶክተሩ ሰው የሚሆነው ከሚያሳድዱት ጠላቶች ለመደበቅ ነው። ለስክሪን የሚስማማው ሁለተኛው ይሆናል፤ የበለጠ የሚያሳዝነው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ዶክተሩ ወዶ የገባበትን ሕይወት መልሶ ይነጠቃልና።

ሌላው መንገድ ድምፅ ነው። ቢግ ፊኒሽ የተባለ ድርጅት ከ1999 አንሥቶ የቀድሞዎቹን ተዋንያን በማሰባሰብ አዳዲስ የዶክተሩን ድራማዎች በድምፅ ብቻ አዘጋጀ። በሬዲዮ ትረካ ላደገ አድማጭ ስልቱ እንግዳ አይሆንም፦ ሩቁን ፕላኔትና አስፈሪውን ፍጡር የሚሥለው የሰሚው አእምሮ ነው፤ ለመድረክ ዝግጅት የሚወጣ ገንዘብም የለም። በቴሌቪዥን ዕድሉ አጭር የነበረው ኮሊን ቤከርም በዚህ መንገድ በቂ ጊዜ አገኘ።

ታዲያ የመጽሐፉና የድምፁ ታሪክ «እውነተኛው» የዶክተር ታሪክ አካል ነውን? ቢቢሲ ይህን የሚወስን ይፋዊ ዝርዝር አላወጣም፤ አንባቢያንም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ፖል ማክጋን በ1996 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ዶክተሩን ከተጫወተ በኋላ ሚናውን ለዓመታት የቀጠለው በድምፅ ብቻ ነበር። በ2013 ቢቢሲ ባወጣው አጭር ፊልም ግን ማክጋን በምስል ተመለሰ፤ መልኩ ሊለወጥ ሲልም ከድምፅ ድራማዎቹ የሚታወቁትን የጉዞ ጓደኞቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ ተሰናበታቸው።