የአርማታ ሕንፃ ከጊዜ ጋር ስለ ማጠሩና ይህም ስለ ተለካበት ታሪክ

አርማታ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ እንደ ዐለት መጠኑን ሳይለውጥ የሚኖር ይመስላል። ዳሩ ግን ሁለት ነገሮች ለብዙ ዓመታት ያሳጥሩታል፤ አንደኛው ውሃው ሲደርቅ የሚመጣው መኮማተር ሲሆን፣ ሁለተኛው በማያቋርጥ ሸክም ሥር ቀስ በቀስ መታመቁ ነው። ይህ ጠባይ እንዴት እንደ ታወቀና በረጅም ሕንፃ ላይ እንዴት እንደ ተለካ በአጭሩ እንመለከታለን።

በአሜሪካ አገር ሐት የተባለው መምህር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ሸክም የቆየባቸው የአርማታ ወራጆች በጊዜ ብዛት ይበልጥ መጉበጣቸውን ጽፎ ነበር። የነገሩን ክብደት የገለጠው ግን የፈረንሳዊው መሐንዲስ የኤዤን ፍሬይሲኔ ድልድይ ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በአሊዬ ወንዝ ላይ በለ ቬርድር ያሠራው ባለ ሦስት ቅስት ድልድይ ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ቅስቶቹ ከመካከላቸው ዝቅ ማለት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ስሌት ሸክሙ ካልጨመረ ቅርፁ ሊለወጥ አይገባም ነበር። ፍሬይሲኔም በቅስቶቹ አናት ክሪክ አግብቶ ወደ ቦታቸው መለሳቸው፤ ድልድዩም ዳነ።

በረጅም ሕንፃ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ሜትር ዓምድ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢያጥር፣ 200 ሜትር ከፍታ ያለው ዓምድ 10 ሳንቲሜትር ያጥራል ማለት ነው። ሁሉም እኩል ቢያጥሩ ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር። ነገር ግን ዓምዶቹና የመካከሉ ግድግዳዎች በሸክም፣ በውፍረትና በብረት ብዛት ስለሚለያዩ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ያጥራል፤ ወለሉ ያዘነብላል፣ ማካፈያ ግድግዳውም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ በቺካጎ ከተማ በ1968 በተጠናቀቀው ባለ 70 ፎቅ ሌክ ፖይንት ታወር፣ ኋላም በ1970ዎቹ በተሠራው ባለ 74 ፎቅ ወተር ታወር ፕሌስ፣ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ማኅበር ተመራማሪዎች የዓምዶቹን ማጠር በቦታው ለኩ። ሥራው እንዲህ ነው፦ በዓምዱ ላይ ጥንድ የብረት ነጥቦች ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በረቂቅ መለኪያ ይነበባል፤ ንባቡም ሕንፃው ሲያድግና ካለቀ በኋላ ይደጋገማል። ሙቀትም ርዝመትን ስለሚለውጥ ንባቡ በዚያው መጠን ይታረማል። ከዚያው አርማታ የተወሰዱ ትናንሽ ናሙናዎችም በቤተ ሙከራ ይፈተናሉ።

በሁለቱም ስፍራ መለካት ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትንሹ ናሙና ቶሎ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ዓምድ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ አርማታው እየታመቀ ሲሄድ ሸክሙ በከፊል ወደ ውስጡ ብረት ይተላለፋል። እንግዲህ የናሙናው ቁጥር እንዳለ ለሕንፃው ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ልኬቱ ስሌቱን እንዳረመው ነው። ዛሬ መሐንዲሱ ዓምዱ ወደ ፊት የሚያጥረውን ያህል አስቀድሞ አስልቶ በግንባታው ጊዜ ጥቂት ያስረዝመዋል፤ ወለሉም ከዓመታት በኋላ ወደ ልኩ ይመጣል።