ጨዋታ፣ ገበያና የተጫዋች ተስፋ

ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ አንኮበር ተራሮች፣ የገና በዓል ሲደርስ ወጣቱ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዞ ሩሩን ወይም ጥንጉን ሲያሳድድ ኖሯል። ዳኛው ልማድ ነው፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ምት እንዳይቆጣ የሚደነግገውም ይኸው ልማድ ነው። የጨዋታው ባለቤትም የሕጉ ጠባቂም ተጫዋቹ ራሱ ነበር። የሚሸጠው ስላልነበረ ከእውነተኛ መልኩ አስበልጦ የሚያስተዋውቀውም አልነበረም።

ገበጣም እንዲሁ ነው። እረኛው መሬት ምሶ ጠጠር ይደረድራል፤ በየቤቱ ደግሞ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበታ ላይ ይጫወቱታል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የገበጣ ሕግ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከአካባቢ አካባቢ የሚለያይ ብዙ ዓይነት አጨዋወት አለው። ተጫዋቹ ግን ትክክለኛ ነው ብሎ የሚሟገትለት ያደገበትን ሕግ ነው።

ጨዋታ ሸቀጥ በሆነ ጊዜ ይህ ግንኙነት ተለወጠ። የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ስቱዲዮ ብዙ ባለሙያና ብዙ ካፒታል አሰባስቦ ለዓመታት ይደክማል፤ ወጪውን ለመመለስም ሥራው ሳያልቅ ማስተዋወቅ ይጀምራል። ለመንገደኛው ገዢ ማስታወቂያ ጥሪ ነው። የስቱዲዮውን የቀድሞ ሥራዎች አንድ በአንድ ለሚያውቀው ታማኝ ተጫዋች ግን ቃል ኪዳን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ የተነገረ ቃል አይመለስም።

የዚህ ቅራኔ የመጀመሪያው ታላቅ ምስክር የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ኢ.ቲ. የተሰኘውን ዝነኛ ፊልም ወደ ጨዋታ ለመለወጥ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ መብቱን ገዛ። ምርቱ ለእ.ኤ.አ. 1982 የገና ገበያ መድረስ ስለነበረበት ለሠሪው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ ተመረተ፤ አብዛኛው ግን ሳይሸጥ ቀረ። በ1983 ከተረፈው ምርት ከፊሉ ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። በ2014 ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካርትሪጆቹ ወጡ። በዚያው ዘመን የአሜሪካን የጨዋታ ኢንዱስትሪ የመታው ውድቀት ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ነገር ግን ገበያው ከሥራው ሲቀድም የሚደርሰውን ጉዳት አታሪ በግልጽ አሳየ።

ሁለተኛው ምስክር የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ዊቸር 3 የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ 16 አነስተኛ ተጨማሪ ክፍሎችን በነፃ በማደሉ የተጫዋቾችን ፍቅር አተረፈ። በ2012 ያስታወቀው ሳይበርፐንክ 2077 በተደጋጋሚ ከተራዘመ በኋላ በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ፣ አስቀድመው የገዙት 8 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ጨዋታው ግን በቆዩት የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ በስሕተት የተሞላ ሆነ። ሶኒ በሳምንት ገደማ ውስጥ ከመደብሩ አወጣው፤ የመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። የኩባንያው መሪዎች በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ይሁን እንጂ ስሙን ቀስ በቀስ የመለሰለት እስከ 2023 የዘለቀው የማሻሻል ሥራ እንጂ ይቅርታው ብቻ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የተቆጣውም ከሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው ተጫዋች መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

በአገራችን ይህ ሙያ ገና ጀማሪ ነው። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉ የተባለውን የሞባይል ስልክ ጨዋታ አቀረበ፤ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ነው። ገበጣንም ወደ ስልክ መስተዋት አምጥቷል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሕዝቡ ባህል ራሱ አስተዋዋቂ ነው፤ ገበጣ የሚለው ስም ብቻውን ገዢ ይጠራል። ስሙ ግን ዕዳም አለበት። የአታሪ ደንበኛ የሚያስበው ፊልሙን ነበር፤ የሲዲ ፕሮጄክት ደንበኛ የሚያስበው ያለፈውን ሥራ ነበር። የገበጣ ተጫዋች የሚያስበው ደግሞ ከአያቱ የተማረውን ሕግ ነው። ሠሪው ከብዙዎቹ ሕጎች አንዱን መርጦ «ገበጣ ይህ ነው» ቢል፣ ሌላ ሕግ የሚያውቀው ተጫዋች ባይተዋር ይሆናል፤ በሌላ ሕግ ያላደገው ልጅም ያንኑ አንዱን ብቻ ይወርሳል። እዚህ ላይ የሚጠፋው የአንድ ድርጅት ትርፍ ሳይሆን የሕዝብ ቅርስ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያንና የተጫዋችን ተስፋ የሚያስታርቀው መንገድ ከባህላችን የራቀ አይደለም። በገና ሜዳ ሕጉን የሚጠብቀው ተጫዋቹ እንደነበረ ሁሉ፣ ዛሬም ሠሪው ቃሉን ከመናገሩ በፊት ተጫዋቹን ሊጠይቅ፣ የተናገረውንም በሥራ ሊያሳይ ይገባዋል። መምህራንና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ከአረጋውያን አንደበት የየአካባቢውን አጨዋወት መዝግበው ለሠሪዎቹ ቢያቀርቡ፣ ነገ ከደብረ ብርሃን የሚነሣው ወጣት ፈልሳፊ የሚሸጠው ጨዋታ የሕዝቡን ስም ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን ሕግም የያዘ ይሆናል።