ከሥጋ ደዌ እስከ ደም ነቀርሳ፦ የሁለት ተመራማሪዎች ጉዞና የዘነበወርቅ ሕሙማን ውለታ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከአስኮ በስተደቡብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የአለርት ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (አህሪ) ይገኛል። አብዛኛው የጤና ባለሙያ ይህን ተቋም የሚያውቀው በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ምርምሩ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዳይሬክተሮቹ የሳይንስ ሕይወት ከደም ነቀርሳ ጋርም በቅርብ የተሳሰረ እንደነበር ብዙ ጊዜ አይወሳም። አንደኛው በደም ነቀርሳ ላይ ሲመራመር ቆይቶ ወደ ሥጋ ደዌ መጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሥጋ ደዌ ተነሥቶ ወደ ደም ነቀርሳ አቀና። ሁለቱም የተከተሉት አንድ ሕዋስ ነበር፤ እርሱም ሊምፎሳይት ነው።

የተቋሙ አመሠራረት

የአለርት ግቢ ታሪክ የሚጀምረው በ1930ዎቹ ከተቋቋመው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ርስቱንና ቀየውን ጥሎ ነበር ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው። ከታከመም በኋላ ወደ አገሩ መመለስ የከበደው ብዙ ሰው በዙሪያው ጎጆ ቀልሶ ቀረ። በ1965 ሆስፒታሉ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና የተሐድሶ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ማዕከል፣ ማለትም አለርት ሆነ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት አህሪ በዚያው ግቢ ሥራውን ጀመረ።

ተቋሙ ስሙን ያገኘው በ1873 በኖርዌይ በርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ከገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። ሐንሰን ታላቅ ሳይንቲስት ቢሆንም በ1879 በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ለማረጋገጥ ሲል ፈቃዷን ሳይጠይቅ በአንዲት ሕመምተኛ ዓይን ላይ ሙከራ አድርጓል። በዚህም ምክንያት በ1880 ተከሶ ከሆስፒታል ሥራው በፍርድ ተሰናብቷል። ስለዚህ የተቋሙ ስም የሳይንስ ድልን ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛን ፈቃድ የሚመለከት ማስጠንቀቂያም የያዘ ነው።

ከማይሎማ ወደ ሥጋ ደዌ

የአህሪ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኖርዌያዊው የኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪ ሞርተን ሐርቦ ነበር። ሐርቦ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ከሄንሪ ከንከል ጋር ሠርቷል። በ1962 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ማይሎማ በተባለው የደም ነቀርሳ ሕሙማን ደም ውስጥ የሚገኘውን ፕሮቲን የሚመለከት ነበር። በጥናቱ እንደታየው፣ የአንድ ሰው ጤናማ ጋማ ግሎቡሊን ከእናትና ከአባት የተወረሱ ሁለት ዓይነት ምልክቶችን ይዞ ሳለ፣ የዚያው ሰው የማይሎማ ፕሮቲን ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይይዛል። ይህ ውጤት የማይሎማ ፕሮቲን ከአንድ ሕዋስ ከተባዛ ዘር የሚመነጭ ነው የሚለውን ግንዛቤ ያጠናከረ ነበር።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው ወደ ሥጋ ደዌ መሳቡ የሚያስገርም አይደለም። ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ በብዛት በተሠራጨበት ሌፕሮማተስ በተባለው የበሽታው ዓይነትም የደሙ ጋማ ግሎቡሊን እጅግ ይጨምራል። ነገር ግን በሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ሲታይ የሥጋ ደዌው ጭማሪ ሰፊ ጉብታ ሲሆን፣ የማይሎማው ግን እንደ መርፌ ጫፍ ጠባብና ሹል ነው። የመጀመሪያው ብዙ ዓይነት ሕዋሳት ለአንድ ወራሪ የሚሰጡት ምላሽ ነው፤ ሁለተኛው ግን አንድ ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ ብቻውን የበዛበት ነው። ይህ ልዩነት ዛሬም ቢሆን በላቦራቶሪ ለሚሠራ ባለሙያ ጠቃሚ መለያ ነው። ዘወትር ከሚጠቀሙባቸው መመርመሪያዎች መካከልም በፕላዝማ ውስጥ የፈሰሰ ሄሞግሎቢንን ለመለካት በ1959 የታተመው ዘዴ እስከ ዛሬ በሐርቦ ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። የሌፕሮማተስ ሕመምተኛ ደም አንቲቦዲ የሞላበት ሆኖ ሳለ ባክቴሪያውን መቋቋም ለምን አቃተው?

የሊምፎሳይት ምላሽ በዘነበወርቅ

ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ከሰጡት አንዱ ሐርቦን የተካው ቶሬ ጎዳል ነው። እርሱም በ1939 የተወለደ ኖርዌያዊ ሐኪም ሲሆን በአህሪ በቆየባቸው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ከሰው ደም ሊምፎሳይት ተለይቶ ይወጣል፤ በቱቦ ውስጥ ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር ይደረጋል፤ ከቀናት በኋላ ሕዋሱ ባክቴሪያውን አውቆ መባዛት አለመባዛቱ በራዲዮአክቲቭ ቲሚዲን ይለካል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ ላይ ስለማይበቅል ለሙከራው የሚያስፈልገው ባክቴሪያ የሚገኘው ከሕሙማኑ ቆዳ ነበር። ደሙንም ባክቴሪያውንም የሰጠው ሕመምተኛው ራሱ ነው ማለት ነው።

በ1971 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። በሽታው በጥቂት ቦታ የተወሰነባቸው የቱበርኩሎይድ ሕሙማን ሊምፎሳይት ባክቴሪያውን ሲያገኝ ይባዛል፤ የሌፕሮማተስ ሕሙማን ሊምፎሳይት ግን ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ለሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ብቻ የተለየ ነበር። አንቲቦዲ ቢበዛም ባክቴሪያውን የሚያውቁት ቲ-ሊምፎሳይቶች ከደሙ ከጠፉ መከላከያው አይሠራም። በ1966 ሪድሊና ጆፕሊንግ ሥጋ ደዌን ከቱበርኩሎይድ እስከ ሌፕሮማተስ በአምስት ደረጃ ከፍለውት ስለነበር፣ የአህሪ ተመራማሪዎች በ1973 ይህን የሊምፎሳይት ምላሽ ከእነዚህ ደረጃዎች ጋር አስተያይተው አሳተሙ። በሐኪም ዓይንና በማይክሮስኮፕ የሚታየው ልዩነት ከበሽታ መከላከያ ኃይል ጋር አብሮ እንደሚሄድም ታወቀ።

ከዚህ ያላነሰው ግኝት ስለ ጤነኞች የተነገረው ነው። ጎዳል ከነጋሲ ጋር በ1973 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ ከሕሙማን ጋር በሥራ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሊምፎሳይታቸው ባክቴሪያውን እንደሚያውቅ ተገለጸ። እነዚህ ሰዎች ግን አልታመሙም። ባክቴሪያው ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ የሚያሳምመው ግን ጥቂቱን ነው። ለዘመናት ሕመምተኛውን ከማኅበረሰቡ ሲያስወጣ ለኖረው ፍርሃት ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ቢባልም፣ በሽታውን የሚያስደብቀው ፍርሃት ራሱ ነውና የጤና ባለሙያው ይህን እውነት ደጋግሞ ማስረዳት ይገባዋል።

ከሥጋ ደዌ ወደ ሊምፎማ

ጎዳል ወደ ኖርዌይ ከተመለሰ በኋላ በኦስሎ በሚገኘው የራዲየም ሆስፒታል የኢሚዩኖሎጂ ላቦራቶሪን መራ። ሆስፒታሉ የካንሰር ሆስፒታል ነበርና የምርምሩ ሕመምተኛ ተለወጠ፤ ሕዋሱ ግን ያው ሊምፎሳይት ሆነ። በዘነበወርቅ የተጠየቀው «ሊምፎሳይቱ ለምን ዝም አለ?» የሚለው ነበር፤ በኦስሎ የተጠየቀው ደግሞ «ሊምፎሳይቱ መባዛቱን ለምን አላቆመም?» የሚለው ሆነ።

ጎዳልና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች የቢ-ሊምፎሳይት ሊምፎማ ዓይነቶችን ከጤናማው የቢ-ሊምፎሳይት የዕድገት ደረጃዎች ጋር አነጻጽረዋል። በ1983 በወጣው ጥናትም በነቀርሳው ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኘው አይጂኤም በአንቲቦዲ ሲነካ ሕዋሱ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ። የነቀርሳ ሕዋስ ሙሉ በሙሉ ከሥርዓት የወጣ ሳይሆን ጤናማ ወንድሙ የሚሰማውን ምልክት ገና የሚሰማ ነው ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ በብዙ ላቦራቶሪዎች የተሠራው ተመሳሳይ ምርምር ከዓመታት በኋላ ይህንኑ የምልክት መስመር የሚዘጉ መድኃኒቶችን አስገኝቷል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢብሩቲኒብ በ2013 በአሜሪካ ለሊምፎማ ሕክምና ተፈቅዷል። በዚያው በራዲየም ሆስፒታል የነበሩ ሌሎች ተመራማሪዎችም ጆን ኡገልስታድ የፈለሰፋቸውን ጥቃቅን የማግኔት እንክብሎች በአንቲቦዲ ለብጠው የሊምፎማ ሕዋሳትን ከአጥንት መቅኔ ለይተው ማውጣት እንደሚቻል በ1987 አሳትመዋል።

ጎዳል በ1986 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘውን የሐሩር አካባቢ በሽታዎች የምርምርና ሥልጠና ፕሮግራም መምራት ጀመረ፤ እስከ 1998ም ቆየ። ቀጥሎም በ2000 በይፋ የተመሠረተው የክትባት ኅብረት፣ ጋቪ፣ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነ።

የተመለሰ ብድር

በሥጋ ደዌና በደም ነቀርሳ መካከል ያለው ዝምድና በሁለቱ ሰዎች አላበቃም። በ1961 በጽንስ ላይ ባደረሰው ከባድ ጉዳት ከገበያ የወጣው ታሊዶማይድ በ1964 በኢየሩሳሌም ባልተጠበቀ ሁኔታ ሌላ ጥቅም ተገኘለት። ያዕቆብ ሼስኪን የተባለው ሐኪም መድኃኒቱን ኢሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም በተባለው የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ለሚሠቃይ ሕመምተኛ ለእንቅልፍ ብሎ ሰጠው፤ ትኩሳቱና እብጠቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። ታሊዶማይድ እንደገና ወደ ሕክምና የገባው በዚህ በር ነው። በ1999 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሌላ ሕክምና ያልበጃቸውን 84 የማይሎማ ሕሙማን ተከታትሎ ከሦስት አንድ ለሚሆኑት ፋይዳ እንዳለው አሳየ። በ2006 መድኃኒቱ ለማይሎማ ተፈቀደ፤ ከእርሱ የተወለደው ሌናሊዶማይድም የበሽታውን ሕክምና ከለወጡት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ሐርቦ በ1962 ያጠናው በሽታ በሥጋ ደዌ ሕሙማን በኩል በተገኘ መድኃኒት ሲታከም ታየ።

የሥጋ ደዌ ሕመምተኛው ድርሻ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ታሊዶማይድ በጽንስ ላይ ባለው አደጋ ምክንያት ጥብቅ ቁጥጥር የሚሻ በመሆኑ በብዙ አገሮች ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በቀላሉ አይደርስም፤ ሪአክሽኑ የሚታከመው በአብዛኛው በፕሬድኒሶሎን ነው። በ2014 ከአለርት የሕሙማን መዛግብት ተጠናቅሮ የወጣ ጥናት ይህ ሪአክሽን ለሞት እንደሚዳርግና ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ መውሰድም የአደጋው አካል እንደሆነ አመልክቷል። ኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥጋ ደዌን የማስወገድ ግብ ላይ ከደረሰች ከ20 ዓመታት በላይ ቢያልፉም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ስለዚህ ኖዱሎቹ ድንገት ለወጡበትና ትኩሳት ለያዘው ሕመምተኛ ፕሬድኒሶሎን ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ የደም ግፊቱን፣ የስኳር መጠኑንና የኢንፌክሽን ምልክቶችን መከታተል የጤና ባለሙያው ግዴታ ነው።

አህሪ በ2004 በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆኗል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም የሰጡት የዘነበወርቅ ሕሙማን ስም በሳይንስ መጽሔቶች ላይ አልሰፈረም፤ የሰፈረው የሊምፎሳይታቸው ምላሽ ነው። ዛሬ ከሕመምተኛ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ለምን እንደሚወስድ አስረድቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ውጤቱንም መልሶ ሲነግር ከሐንሰን ስሕተት ተምሯል፤ ለእነዚያ ሰዎችም ውለታቸውን በከፊል ከፍሏል።