ዳኛው ያልጻፈው

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት ለጦርነት ጨዋታ ጓደኞቹ አንድ ምሽት ደገሰ። ቦታው ብራውንስታይን የተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ፣ ዘመኑም የናፖሊዮን ነው። ለከንቲባው፣ ለባለባንኩ፣ ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የየራሳቸውን ዓላማ ለየብቻ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ተጫዋቾቹ ግን ተራ አልጠበቁም። በየጥጉ ተንሾካሾኩ፤ ሁለቱ ጭራሽ ለፍልሚያ ተቀጣጠሩ። ይህን የሚዳኝ ደንብ ስላልነበረው ዌስሊ እዚያው ፈጠረ። ምሽቱ ከሸፈ ብሎም አዘነ። ጓደኞቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከነሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። ብላክሙር የተሰኘውን ዓለሙን በዚሁ ዓይነት ዳኝነት ገነባ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጡ፣ መጀመሪያ በ1,000 ቅጂ የታተሙት ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ብዙውን ነገር ለዳኛው ትተውት ነበር። ገበጣ ያደገበት ሰው ይህ አይገርመውም፤ ደንቡ ከመንደር መንደር ስለሚለያይ መጀመሪያ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ይባላል።

በኋላ ግን ጋይጋክስ ራሱ የቤት ደንብን ይነቅፍ ጀመር። «አድቫንስድ» የተባለው አዲሱ እትም በየከተማው አንድ ዓይነት እንዲሆን ፈለገ። ለውድድር ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ኩባንያው ግን ይህ እትም ሌላ ጨዋታ ነው በማለት ለአርነሰን ከሽያጩ ድርሻ አልሰጥም አለ። አርነሰን በ1979 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አለቀ። ስለዚህ ደንቡ የጠበቀው ለጨዋታው ሲባል ብቻ ነው የሚለውን ለማመን ይከብደኛል። ዳኞቹ እንደሆነ መጽሐፉን ገዝተው፣ ያልወደዱትን ገጽ ዘለው መጫወታቸውን ቀጠሉ።